ከባድ ሴራሚክ ግሪል ለስቴንለስ ጠረጴዛ፦ ክብደቱን ጠረጴዛው እንዳይሸከመው አድርጎ መሥራት

የስቴንለስ የኩሽና ጠረጴዛ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። ሻጩም «200 ኪሎ ይችላል» ይል ይሆናል። ያ ቁጥር የሚሠራው ዕቃው ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ሲቀመጥ ነው። ሴራሚክ ግሪል (ክዳን ያለው፣ እንቁላል የሚመስል የሸክላ ከሰል መጥበሻ) ግን ሙሉ ክብደቱን በሦስት ትንንሽ እግሮች፣ 40 ሳ.ሜ በማይሞላ ክብ ውስጥ ያሳርፋል። የጠረጴዛው ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.2 ሚ.ሜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይሰረጉዳል፤ ቀጥሎ ግሪሉ ያዘነብላል፤ ክዳኑ ወደ ኋላ ሲከፈት ደግሞ ክብደቱ ይዞራል። ሸክላ እንደ ብረት አይጎብጥም፣ አንዴ ከወደቀ አለቀ።

46 ሳ.ሜ ፍርግርግ ያለው ቢግ ግሪን ኤግ ላርጅ የተባለው ግሪል ባዶውን 73 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሌሎቹም በዚህ መጠን የሚሠሩት ከዚህ ብዙ አይርቁም። ሙቀት መመለሻው ሸክላ፣ ከሰሉ፣ ሥጋውና ከሥር የሚነጠፈው የኮንክሪት ጠፍጣፋ ሲደመሩ ወደ 115 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ጠረጴዛውን ለማጠናከር ከመድከም ሸክሙን ከእሱ ላይ ማንሳት ይሻላል። ከሥሩ ራሱን የቻለ ባለ አራት እግር ማቆሚያ ይበየዳል፣ ጠረጴዛው ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ግሪሉ በቀዳዳው ወርዶ ማቆሚያው ላይ ያርፋል። ጠረጴዛው የሚይዘው ትሪውን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን ብቻ ይሆናል።

ሌላም ጥቅም አለው። 85 ሳ.ሜ ከፍታ ባለው ጠረጴዛ አናት ላይ የተቀመጠ ግሪል ፍርግርጉ 130 ሳ.ሜ አካባቢ ይደርሳል። ሥጋ የሚያገላብጠው ሰው ክንዱን ከእሳቱ በላይ አንስቶ መሥራት ይኖርበታል። ወደ ውስጥ ሲወርድ ግን ፍርግርጉ ወገብ ላይ ይመጣል።

<b>ከመግዛትና ከመቁረጥ በፊት የሚለኩ ነገሮች</b>

ከግሪሉ ላይ አራት ልኬት ይወሰዳል። አንደኛው ከሆዱ መቀመጫ እስከ አፉ ያለው ቁመት ነው። ሁለተኛው የእግሮቹ ወይም የማስቀመጫ ቀለበቱ ቁመት ነው። ሦስተኛው የሆዱ ስፋት ከአፉ 7 ሳ.ሜ ዝቅ ብሎ ነው፤ ጠረጴዛው የሚያገኘው እዚያ ላይ ነውና። አራተኛው የአፉ ስፋት ነው።

7 ሳ.ሜ ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። ክዳኑንና ሆዱን የሚያያይዘው የብረት ቀበቶና የኋላው ማጠፊያ ከጠረጴዛው ወለል በላይ በነጻነት መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዳንድ ማጠፊያ ሲከፈት ወደ ታች የሚወርድ ሞላ (ስፕሪንግ) አለው። ክዳኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው ማጠፊያው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ይለኩ። ከ7 በላይ ከሆነ ልዩነቱን ይጨምሩበት። ጠረጴዛው ከኋላ ከፍ ያለ ከንፈር ካለው ደግሞ ክዳኑ ይነካው እንደሆነ አስቀድሞ መታየት አለበት። ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ የሚታወቅ ከሆነ ከንፈሩን ከመቁረጥ ሌላ መፍትሔ የለም።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ጠረጴዛው 85 ሳ.ሜ ነው፤ 7 ሲጨመር የግሪሉ አፍ 92 ላይ ይሆናል። የሆዱ ቁመት 45፣ እግሩ 4፣ የኮንክሪቱ ጠፍጣፋ 4 ቢሆን፣ 92 ሲቀነስ 53 የማቆሚያው አናት ከወለል 39 ሳ.ሜ ላይ ይውላል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ የዚህ ምሳሌ ናቸው፤ የራስዎን ግሪል ልኬት ተክተው ይሥሩ።

የጠረጴዛው ወርድ ከ65 ሳ.ሜ ካነሰ ለዚህ መጠን ግሪል አይቁረጡት። ከቀዳዳው ፊትና ኋላ የሚቀረው ብረት ቀጭን ይሆንና ይወዛወዛል። ያን ጊዜ ማቆሚያውን ለብቻው፣ ሰፋ አድርጎ ሠርቶ ከጠረጴዛው ጎን ማስጠጋት ይበቃል። እንዲያውም ጠረጴዛው የኪራይ ቤት ንብረት ከሆነ ከመጀመሪያውም የሚመረጠው ይኸው ነው።

<b>ጠረጴዛውን ገልብጦ ማየት</b>

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፣ ትልቁ አደጋም ያለው እዚህ ነው። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ጠረጴዛዎች ላሜራው ድምፅ እንዳያሰማና እንዳይሰረጉድ ከሥሩ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ተለጥፎባቸዋል። ከላይ ሲታይ ሙሉ ብረት ይመስላል። እንጨት ደግሞ ወዲያው ባይነድም በየቀኑ ሲሞቅ እየከሰለ ይሄድና ከጊዜ በኋላ በትንሽ ሙቀት ይቀጣጠላል። ጠረጴዛውን በጣት አንኳኩቶ ድምፁ የታፈነ ከሆነ መጠርጠር ነው፤ ገልብጦ ማየት ግን ጥርጣሬውን ይቆርጠዋል።

እንጨቱ ግሪሉ በሚቀመጥበት ግማሽ ሙሉ በሙሉ ይነሳ። ቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ቆርጦ ማውጣት አይበቃም። ሙጫው አልላቀቅ ካለ በሰፊ መሮ እየፈለቀቁ ማንሳት እንጂ በእሳት ማሞቅ አያስፈልግም፤ ጭሱ መጥፎ ነው። እንጨቱ ይሰጠው የነበረውን ጥንካሬ ለመተካት ከቀዳዳው ግራና ቀኝ 62 ሳ.ሜ የሆኑ ሁለት 30 በ30 በ3 ሚ.ሜ አንግሎች (የ«L» ቅርጽ ያላቸው ብረቶች) ከፊት ወደ ኋላ ይጋደማሉ። ከጠረጴዛው የታጠፈ ጠርዝ ጋር በሪቬት ወይም በባለ 6 ሚ.ሜ ብሎን ይያዛሉ።

እግሮቹንም ይመልከቱ። 38 ሚ.ሜ ቱቦ ሆነው ላይኛው ማቀፊያ ውስጥ ገብተው በአንድ ትንሽ ብሎን ብቻ የታሰሩ ከሆኑ በሙሉ ይጥበቁ። የታችኛው መደርደሪያ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ መስሎ ይታያል እንጂ እግሮቹ እንዳይከፈቱ የያዘው እሱ ነው። ለማቆሚያው ቦታ ሲባል መነሳቱ ግድ ነው፤ ከተነሳ ግን ምትክ ይፈልጋል። ምትኩ ከአንግል የተበየደ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ባለ ሦስት ጎን ቀበቶ ነው፤ ለ150 በ70 ጠረጴዛ ኋላው 135፣ ሁለቱ ጎኖች 60 ሳ.ሜ ያህል ይሆናሉ። ከወለል 12 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ በአራቱ እግሮች ላይ በዩ ቦልት (የ«U» ቅርጽ ባለው ብሎን) ይታሰራል። ከሁለቱ የላይ አንግሎች ጋር ከአንድ ባለ 6 ሜትር አንግል 4 ሜትር ያህል ይወስዳል።

ለምን ዩ ቦልት? ጠረጴዛው ላይ አንድም ነጥብ መበየድ ስለማያስፈልግ ነው። የብዙ ጠረጴዛ እግርና መደርደሪያ ስቴንለስ ሳይሆን ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። እሱ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ማታውኑ ብርድ ብርድ እያለው ትኩሳት ያስይዘዋል። ስቴንለስን ከተራ ብረት ጋር መበየድ ደግሞ 309 የሚባለውን ኤሌክትሮድ ይፈልጋል። በተራው ኤሌክትሮድ ከተበየደ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል ወይም ዝገት ይጀምረዋል። ቀጭን ላሜራም በቀላሉ ይበሳል።

<b>ማቆሚያው</b>

40 በ40 ሚ.ሜ የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) አንድ ባለ 6 ሜትር ይበቃል። ውፍረቱን በካሊፐር አፉ ላይ ለክቶ መግዛት ነው፤ በስም 2 ተብሎ ሲለካ የሚያንስ አለ። አቆራረጡ እንዲህ ነው፦ ለላይኛው ክፈፍ 52 ሳ.ሜ ሁለት እና 44 ሳ.ሜ ሁለት፤ ክፈፉ መካከል የሚጋደሙ 44 ሳ.ሜ ሁለት፤ እግር 34.5 ሳ.ሜ አራት፤ ከሥር ግራ፣ ቀኝና ኋላን የሚያያይዙ 44 ሳ.ሜ ሦስት። ድምሩ 550 ሳ.ሜ ነው። የዲስኩን ብክነት ጨምሮ ከአርባ ሳ.ሜ በላይ ይተርፋል። ለእግሮቹ ሥር 8 በ8 ሳ.ሜ የሆነ ባለ 5 ሚ.ሜ ላሜራ አራት ይዘጋጅ፤ ቱቦው ወለሉን እንዳይበሳና ውሃ እንዳይመጥ የሚያደርገው እሱ ነው።

ፊት ለፊት ከሥር ምንም አይጋደም፣ መጥረጊያ እንዲገባ። አመዱ ይፈስሳል፣ መጽዳት አለበት።

ሲበየድ መጀመሪያ የላይኛው ክፈፍ በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ አራቱም ማዕዘን በነጥብ ብቻ ይያዝ። ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱ ሰያፎች በሜትር ይለኩ፤ ከ2 ሚ.ሜ በላይ ከተለያዩ ክፈፉ ተንሻፏል፣ ይመታና ይስተካከል። ሙሉ ብየዳው ከዚያ በኋላ በተቃራኒ ማዕዘን እየተዘዋወሩ ይከናወናል። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ በያጅ ክፈፉን ያጣምመዋል፣ ምክንያቱም ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስባል። ባለ 2.5 ሚ.ሜ 6013 ኤሌክትሮድ ለዚህ ውፍረት በቂ ነው። መብራቱ በሚዋዥቅበት ሰዓት ግን ይህን ሥራ ባይጀምሩት ይመረጣል። ከላይ ያማረ፣ ከሥር ያልዘለቀ ብየዳ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

ማቆሚያው 52 በ52 ስለሆነ ብቻውን ሲቆም ለዚህ ቁመት ጠባብ ነው። ክብደቱን በቀላሉ ይሸከማል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሰው ሲደገፈው ግን ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ የኋላ እግሮቹ ከኋላው የአንግል ቀበቶ ጋር በባለ 8 ብሎን፣ ራንዴላና ዳዶ ይታሰራሉ። የቀኙም እግሮች ከቀኙ አንግል ጋር፣ ክፍተቱ በቱቦላሬ ቁራጭ ተሞልቶ፣ እንዲሁ ይታሰራሉ። ክብደቱ በማቆሚያው በኩል ቀጥ ብሎ መሬት ይወርዳል፤ ጠረጴዛው ስፋቱን ያበድረዋል።

ደሴ ላይ ደልዳላ ግቢ ማግኘት ዕድል ነው። ወለሉ ካጋደለ እግሮቹን 3 ሳ.ሜ አሳጥሮ ከእያንዳንዱ የእግር ላሜራ ላይ ባለ 16 ዳዶ መበየድና ከሥር ብሎን አስገብቶ በውሃ ልክ ማስተካከል ይቻላል። ጎማ የሚፈልግ አለ፤ ለኮብልስቶንና ለተዳፋት አይመከርም። ለስላሳ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከሆነ አራቱም ጎማ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ የሚችሉ፣ ቢያንስ ሁለቱ ፍሬን ያላቸው ይሁኑ። አጠቃላይ ክብደቱን ለአራት አካፍሎ ጎማ መግዛት ስህተት ነው፣ ወለሉ ትንሽ ካበጠ ሸክሙን የሚይዙት ሁለት ወይም ሦስት ጎማዎች ናቸው።

ማቆሚያው ከተጠረገ በኋላ ሁለት እጅ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከዚያ የፈለጉት ቀለም። ከጠፍጣፋው ሥር ስለሆነ ተራው ቀለም ይበቃዋል።

<b>ጠፍጣፋው</b>

ግሪሉ በቀጥታ ብረት ክፈፍ ላይ አይቀመጥም። ሙቀቱን የሚከላከልና የሦስቱን እግሮች ጫና የሚያሰራጭ ነገር ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቅ የወለል ሴራሚክ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል። እምነበረድም በሙቀት ይፈረካከሳል። 50 በ50 በ4 ሳ.ሜ የሆነ ኮንክሪት ራስዎ ቢያፈሱ ይሻላል፤ ክብደቱ 24 ኪሎ ያህል ይሆናል።

4 ኪሎ ሲሚንቶ፣ በመጠን የሲሚንቶው እጥፍ የታጠበ አሸዋ፣ ሦስት እጥፍ ደቃቅ ጠጠር (ከ10 ሚ.ሜ የማይበልጥ) ይበቃል። ውሃው እንዲጨበጥ ያህል ብቻ። ቀጥኖ የተቦካ ኮንክሪት ሲደርቅ ብዙ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ደካማ ነው። መሐሉ ላይ ባለ 6 ፌሮ፣ 46 ሳ.ሜ እየተቆረጠ አራት በአራት ተጠላልፎ ይቀመጥ፤ 3.7 ሜትር ያህል ይወስዳል። ሳምንት ሙሉ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። በክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ቤት ውስጥ። እርጥብ ኮንክሪት ላይ እሳት ከተነሳ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ፊቱን እየፈነቀለ ይጥለዋል።

<b>ቀዳዳው</b>

ሆዱ በጠረጴዛው ከፍታ 53 ሳ.ሜ ከሆነ ቀዳዳው 58 ይሁን፤ በየአቅጣጫው 2.5 ሳ.ሜ ክፍተት ማለት ነው። ጥብቅ ቢሆን የሚያምር ይመስላል፣ ግን አይሁን። ስቴንለስ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ 1.5 ሜትር ጠረጴዛ 50 ዲግሪ ቢጨምር 1.3 ሚ.ሜ ያህል ይረዝማል። ጠረጴዛው በድንገት ሲገፋም የላሜራው ጠርዝ ሸክላውን በአንድ ነጥብ ይመታዋል። ሸክላ ደግሞ የሚሰነጠቀው በነጥብ ሲመታ ነው። ክፍተቱ ሞቅ ያለውን አየርም ያስወጣል።

የቀዳዳው መሐል ከቀኝ ጠርዝ 41 ሳ.ሜ፣ ከፊትና ከኋላ እኩል ላይ ይሁን። 150 ሳ.ሜ ጠረጴዛ ላይ በግራ 80 ሳ.ሜ የሥራ ቦታ ይተርፋል። መሐሉ ላይ ምስማር ተመትቶ በማይለጠጥ ሽቦ ክቡ ይሠመር። ከመሥመሩ ውጭ ያለው ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን፤ የግራይንደር ፍንጣሪ ስቴንለሱ ላይ ተጣብቆ በሳምንቱ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ዲስኩም ለስቴንለስ የተሠራው ባለ 1 ሚ.ሜ ይሁን፣ ቀደም ሲል ተራ ብረት ያልቆረጠ። በግራይንደር ክብ መቁረጥ ማለት ብዙ አጫጭር ቀጥታ ቁርጦችን ማገጣጠም ነው። ከመሥመሩ 2 ሚ.ሜ ወደ ውስጥ ቀርቶ ተቆርጦ ቀሪው በብራና ዲስክ ይስተካከል። የማያቋርጥ ግፊት ላሜራውን አሙቆ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ያጣምመዋልም፤ እየቆረጡ ማረፍ ነው።

የተቆረጠው ጠርዝ ምላጭ ነው። በሞረድ ቢሞረድም ላሜራው ቀጭን ስለሆነ መወዛወዙ አይቀርም። ሁለቱንም በአንድ የሚፈታው የብረት አንገትጌ ነው፦ 25 በ3 ሚ.ሜ ፍላት ባር፣ ርዝመቱ 182 ሳ.ሜ፣ በቧንቧ ወይም በበርሜል ዙሪያ ቀስ እየተባለ ይጠመዘዛል። ቀዳዳው ውስጥ ቆሞ ይገባል፣ አናቱ ከጠረጴዛው ወለል እኩል ይሆናል። ከሥሩ ስድስት ትንንሽ ጆሮዎች ከመግባቱ በፊት ተበይደውለት በሪቬት ከላሜራው ጋር ይያዛል። ተራ ቀለም አይቀባ፣ ይቃጠልና ሥጋው ላይ ይሸታል። የሚቀባ ከሆነ የመኪና ማርሚታ የሚቀባበት ሙቀት የሚችል ቀለም ነው። ክፍተቱን በላስቲክ ወይም በሲሊኮን ለመሙላት የሚያስብም አለ፤ ይተው።

<b>ግሪሉን ማውረድ</b>

ሙሉውን ግሪል አንስቶ በቀዳዳው ለማሳለፍ መሞከር የለበትም። መጀመሪያ ውስጡ ያለው ሁሉ ይወጣል፣ ክዳኑና ቀበቶው ይፈታሉ። የማጠፊያው ሞላ ተወጥሮ ስለሚቀመጥ ክዳኑን አንድ ሰው ይዞት፣ ፊቱን ከማጠፊያው አርቆ፣ በመመሪያው ቅደም ተከተል መፍታት ያስፈልጋል። የቀረው ሆድ ብቻውን ሲሆን ለሁለት ሰው አይከብድም። ሁለት ሰፋፊ የጭነት ቀበቶዎች ከሥሩ ተሰቅለው አራት ሰው ከአራት አቅጣጫ ቢይዘው ደግሞ በእርጋታ ይወርዳል። ቀበቶዎቹ ከጠፍጣፋው ጎን ተጎትተው ይወጣሉ።

ሦስቱ እግሮች ሲደረደሩ አንዱ በቀጥታ ከማጠፊያው ሥር፣ ወደ ኋላ ይሁን። ክዳኑ ሲከፈት ክብደቱ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ በሁለት እግር መካከል ባዶ ቦታ ላይ ካረፈ ግሪሉ ለመገልበጥ ይቀርባል። የታችኛው የአየር በር በትክክል ፊት ለፊት ይሁን፣ ምንም አይሸፍነው።

ግሪሉ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወይም በተገላቢጦሽ የሚጓዝ ከሆነ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሳይረሱ ይጫኑ። ክዳኑ ለብቻው፣ ሆዱ ለብቻው፣ ሁለቱም በወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ላይ አፋቸው ወደ ታች ተደፍቶ ይታሰሩ። ተገጣጥሞ የተጫነ ግሪል በየመታጠፊያው ክዳኑ ከአፉ ጋር ይጋጫል፣ ጠርዙ ይሸረፋል።

<b>የት ይቁም፣ የመጀመሪያው እሳት</b>

ደጅ ወይም ሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ ሰገነት። ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ደሴ ሲበርድ በር ዘግቶ መጥበስ የሚገድለው በዚህ ነው። ጠረጴዛው ሥር በግራ በኩል የተረፈው ቦታ ለከሰል ጆንያም ለጋዝ ሲሊንደርም አይመችም፣ ፍንጣሪ ይወርዳል። የብረት ዕቃ ብቻ ይቀመጥበት። በሐምሌና ነሐሴ ሽፋን የግድ ነው፤ ዝናብ የጠጣ ሸክላ በአንድ ጊዜ ሲግል ይሰነጠቃል። እርጥበት ከያዘ በትንሽ እሳት አንድ ሰዓት ያህል ማድረቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሁኑ። የክዳኑ ጓርኒሲዮን (የጠርዙ ማሸጊያ) ሙጫ ሳይጠነክር 300 ቢደርስ ይላቀቃል። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው መመሪያው ላይ ከተጻፈው የአየር በሩን ትንሽ ሰፋ አድርጎ መክፈት ያስፈልግ ይሆናል፣ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ። የሥጋውን ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ የሚፈትን ሰው ደግሞ 100 አይጠብቅ፤ ደሴ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 94።

እሳቱ በተነሳ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጅዎን በጠፍጣፋው ሥር ወደ ክፈፉ ያስጠጉ። ክፈፉ ለእጅ የሚፋጅ ከሆነ ጠፍጣፋው ቀጥኗል ወይም የእግሮቹ ቁመት አንሷል፤ በግሪሉና በጠፍጣፋው መካከል አየር መዞር አለበት። ሲቀዘቅዝ ክዳኑንና ሆዱን የሚይዘው ቀበቶ ብሎኖች ይጥበቁ፤ ቀበቶው በመጀመሪያዎቹ ሙቀቶች ይላላል፣ የላላ ቀበቶ ያለው ክዳን ሲከፈት ከቀበቶው ሾልኮ ይወድቃል። ዩ ቦልቶቹና የማቆሚያው ብሎኖችም በዚያው ቀን ይፈተሹ፣ ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ።